አዲስ የተገዛ መኪና የፋብሪካ ዋስትናው ምን ምን እንደሚይዝ የሚያስረዳ ትምህርት

ለግብርና ሥራ የተገዛ አዲስ መኪና ከሻጩ እጅ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት በሚተላለፍበት ቀን ከቁልፉና ከትርፍ ጎማው ጋራ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አብሮ ይሰጣል። ይህም የፋብሪካው የዋስትና ደብተር ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ደብተሩ ከላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ የሚፈለገውም መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቢገለጥ የሚገኘው ቃል ከተጠበቀው የተለየ ይሆናል። አንዱ ብልሽት ከዋስትናው ውጭ ነው፤ ሌላው በዋስትናው ውስጥ ሳለ ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላውም መብቱ ሳለ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ከወረዳው በጀት ተከፍሎበታል።

ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። በሰኔ ወር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ፒክአፕ፥ ወይም ገበሬዎች ተራ ይዘው የሚጠብቁት ትራክተር 20 ቀን በጋራዥ ግቢ ቢቆም፥ ዝናቡ የፋብሪካውን መልስ አይጠብቅም። ስለዚህ መኪና በስሙ የተረከበ ሹም ሁሉ የዋስትናውን ቃል መኪናው ገና ደኅና ሳለ አንብቦ ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው በመላው ስለ መኪና ነው፤ ስለ ትራክተር የተለየ ነገር ባለበት ስፍራ ግን በየቦታው ይነገራል።

የዋስትናው ዋና ቃል

በነጋዴዎች አፍ ጋራንቲ የሚባለው የፋብሪካ ዋስትና ምንም እንኳ በብዙ ገጽ ቢጻፍ ዋናው ቃሉ አንድ ነው። ይኸውም፥ መኪናው ከተሠራበት ዕቃ ወይም ከሠሪዎቹ የእጅ ሥራ የተነሣ ጉድለት በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ቢገኝ፥ ፋብሪካው ያንን ጉድለት ያለ ዋጋ ያድሳል ወይም የተበላሸውን ክፍል በሌላ ይለውጣል ማለት ነው። ይህ ቃል መኪናው ከቶ አይበላሽም የሚል ተስፋ አይደለም፤ መኪናውን በሙሉ በአዲስ እለውጣለሁ የሚልም አይደለም። ፋብሪካው ዋስ የሆነው ራሱ ለሠራው ሥራ ብቻ ነው፤ ለሾፌሩ፥ ለመንገዱና ለናፍጣው ዋስ አልሆነም።

ስለዚህ ማናቸውም ብልሽት በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ ይህ ጉድለት መኪናው ከፋብሪካው በር ሲወጣ አብሮት ነበረን ወይስ ከወጣ በኋላ መጣበት? የሚለው ነው። ለምሳሌ በሁለት ወረዳዎች ያሉ ሁለት አንድ ዐይነት ፒክአፖች በ20,000 ኪሎሜትር ላይ ሞተራቸው እየጮኸ ዳገት አልወጣ አሉ እንበል። የአንደኛው ፍሪሲዮን ሲፈታ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ከመጀመሪያው በትክክል ስላልገባ ዘይት አፍስሶ ሸራውን አርሶታል። ይህ የሠሪዎቹ ጉድለት ስለሆነ ፋብሪካው ማገጃውን ይለውጣል፤ ማገጃው ያበላሸውን ሸራም አብሮ መለወጥ አለበት። የሁለተኛው ሸራ ሲታይ ግን ደረቅ ነው፤ ሆኖም ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ሾፌሩ በጉዞ ሁሉ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሣ ይነዳ ነበርና። ይህኛው ወጪ የወረዳው ነው። ሁለቱም ሾፌሮች ለጋራዡ የተናገሩት አንድ ቃል ነው፤ መልሱ የተለያየው ምክንያቱ ስለተለያየ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሳይፈታ ዋስትና አለው ወይም የለውም ብሎ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ዋስትናው የሚይዛቸውና የማይዛቸው

አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ለመኪናው ክፍሎች ሁሉ እኩል ጊዜ አይሰጡም። የመጀመሪያው ጠቅላላ ዋስትና ይባላል፤ በስም ተለይተው ከወጡት በቀር የመኪናውን ክፍል ሁሉ ይይዛል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ሁለተኛው ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና ኀይሉን ወደ እግሩ የሚያደርሱትን ብረቶች ብቻ የሚይዝ ሲሆን ጊዜው ረዘም ይላል። ለምሳሌ ቶዮታ በአሜሪካ አገር ለሚሸጣቸው መኪናዎች ጠቅላላው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፥ ማለት ወደ 58,000 ኪሎሜትር ሲሆን፥ የሞተሩና የካምቢዮው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ሀዩንዳይ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ለአሜሪካ ገዥዎቹ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና አስታውቆ ገበያውን ሁሉ አስደንቆ ነበር። ነገር ግን ይህ ረጅም ጊዜ ለሞተሩና ለካምቢዮው ወገን ብቻ ነው፤ መኪናውን ከመጀመሪያው ገዥ እጅ በሁለተኛ ለገዛ ሰውም በሙሉ አይተላለፍለትም። በማስታወቂያ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚጻፈው ቍጥር የትኛውን ክፍልና የትኛውን ገዥ እንደሚመለከት ሳይመረመር ሊታመንበት አይገባም።

በስም ተለይተው ከሚወጡት ውስጥ ዋነኞቹ በሥራ ብዛት የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። የፍሬን ሸራ፥ የፍሪሲዮን ሸራ፥ የመስተዋት መጥረጊያ፥ አምፑል፥ ማጣሪያዎች፥ ዘይትና የራዲያተር ውኃ ሁሉ የሚያልቁት ሥራቸውን ስለሠሩ ነው፤ ማለቃቸውም ጉድለት አይባልም። ጎማ ብዙውን ጊዜ የራሱ ፋብሪካ በተለየ ወረቀት ዋስ ይሆንለታል፤ ባትሪም ከመኪናው ያነሰ ጊዜ ሲሰጠው ይታያል። ዝገትን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቃል አለ። የዝገት ዋስትና የሚባለው በአብዛኛው ቆርቆሮው ከውስጥ ወደ ውጭ ተበልቶ ሲበሳ የሚሠራ እንጂ፥ ጠጠር ቀለሙን ልጦት ከላይ የሚታየውን ዝገት አይመለከትም።

ግጭት፥ መገልበጥ፥ ስርቆት፥ እሳትና ጎርፍ የዋስትና ሳይሆኑ የኢንሹራንስ ጉዳይ ናቸው። በዚህም ላይ በሕግ የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ለመኪናው ስብራት እንደማይከፍል ሊታወቅ ይገባል። ዋስትናም አለ፥ ኢንሹራንስም አለ ተብሎ ተዘልሎ በተቀመጠበት ጽሕፈት ቤት ሁለቱም የማይሸፍኑት ጉዳት የሚደርስበት ጊዜ አለ።

በመኪናው ላይ የተጨመረ ወይም የተለወጠ ነገርም ዋስትናን ያሳጣል። ብዙ ጭነት እንዲሸከም ባሌስትራ መደረብ፥ ከልኩ የተለየ ጎማ መግጠም፥ ሻንሲውን በስቶ ብረት መበየድ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀጥሎ ተጨማሪ መብራት መዘርጋት ሁሉ በዚያ ክፍል ላይ ለሚመጣ ብልሽት ፋብሪካው ከኀላፊነት የሚወጣበትን በር ይከፍታሉ። ማለፊያ ሐሳብ ቢሆን እንኳ የፋብሪካው ወኪል በጽሕፈት ሳይፈቅደው መደረግ የለበትም።

ስለ ናፍጣና ስለ አቧራ

በገጠር መንገድ ለሚሠራ መኪና ከሁሉ የሚበልጠው ክርክር የሚነሣው በነዚህ በሁለቱ ነው። የዛሬው የናፍጣ ሞተር የቀድሞው ሞተር አይደለም። የቀድሞው ጥቂት ቆሻሻ ቢገባበት እያንኮራፋም ቢሆን ከቤት ያደርስ ነበር። አሁን በሚሠራበት ኮመን ሬይል በሚባለው ስልት ግን ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ፥ በአንዳንዱም ሞተር እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ የመኪና ጎማ የሚነፋበት ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ መሆኑን ማስታወስ ነው። በፖምፓውና በመርጫው ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ብረቶች በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊሜትር ሺህኛ የሚለካ ስለሆነ፥ የሚያለሰልሳቸው ያው ናፍጣው ራሱ ነው። ውኃ የገባበት ናፍጣ ማለስለሱን ይተዋል፤ ብረቱም ይፋቃል፤ ይዝጋልም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም እንዲሁ ለስላሳነቱ ይቀንሳል። የወኪሉ ጋራዥ ፖምፓውን ፈትቶ ውኃ ወይም ዝገት ያገኘ እንደሆነ ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ በዚህም አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ወጪው ደግሞ ከመኪናው ብልሽቶች ሁሉ ከባዶቹ ወገን ነው።

ነዳጅ ማደያ በሌለበት ወረዳ ናፍጣ በበርሜል ይመጣል። በርሜል ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ካለው አየር የሚወርደው እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና። ስለዚህ በርሜሉ ተንከባሎ እንደ መጣ ወዲያው አይቀዳም፤ አንድ ቀን ቆሞ እንዲጠል ያስፈልጋል፤ ከሥሩም እስከ መጨረሻው ተጨልፎ ወደ መኪናው አይገባም። በማጣሪያው ውስጥ ውኃ መጠራቀሙን የሚያሳየው መብራት ሲበራ ሾፌሩ የዚያኑ ቀን ውኃውን ማፍሰስ አለበት። መብራቱ እየበራ የተነዳ መኪና ብዙ ጊዜ ይህንኑ በራሱ የኤሌክትሪክ መዝገብ ውስጥ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ጋራዡም በመሣሪያው ያነበዋል። የናፍጣ መግዣ ደረሰኝ ከነቀኑና ከነስፍራው መቀመጥ ያለበትም ለሒሳብ ምርመራ ብቻ ሳይሆን፥ መጥፎ ናፍጣ የሸጠውን ሰው ለመጠየቅ ሌላ ማስረጃ ስለሌለ ነው።

አቧራም ሌላው ጠላት ነው። የተቀደደ ወይም በትክክል ያልተዘጋ የአየር ማጣሪያ ያስገባው አቧራ በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። ማጣሪያውን በኀይለኛ የአየር ግፊት ማራገፍ ወረቀቱን በዐይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳዋል፤ ብዙ ሾፌር ግን ይህን እንደ ጥሩ አያያዝ ይቈጥረዋል።

እዚህ ላይ በደብተሩ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ እጅግ የሚጠቅመው ገጽ ሊነሣ ይገባል። ፋብሪካዎች የሰርቪስ ጊዜን በሁለት ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ አንዱ ለተራ አገልግሎት፥ ሌላው ለከባድ አገልግሎት ነው። በአቧራማ፥ በጭቃማና በጠጠር መንገድ መሄድ፥ ከባድ ጭነት መጫን፥ አጫጭር ጉዞ ማብዛት በደብተሩ ከባድ አገልግሎት ተብለው የተጻፉ ናቸው፤ የብዙ ወረዳ መኪናም ኑሮው ይኸው ነው። ለተራ አገልግሎት በ10,000 ኪሎሜትር ዘይት ይለወጥ ያለ ፋብሪካ ለከባዱ በ5,000 ይለወጥ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሹሙ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ይዞ በጊዜው አስለውጫለሁ ቢል፥ ፋብሪካው ሁለተኛውን ሰንጠረዥ አሳይቶ ግማሹን ሰርቪስ አልፈሃል ብሎ ይመልስለታል። ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ የተሰጠ ነው።

ጊዜው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቈጠር

ዋስትናው የሚያልቀው በሁለት ልክ ነው፤ በጊዜና በርቀት። ከሁለቱ አስቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎሜትር የተባለ መኪና በወር 4,500 ኪሎሜትር ቢሄድ በ23ኛው ወር ውስጥ ዋስትናው አለቀ ማለት ነው፤ ሦስተኛውን ዓመት እየጠበቀ የሚቀመጥ ሹም የሌለ ነገር ይጠብቃል። ለትራክተር በኪሎሜትር ፈንታ የሚቈጠረው የሞተሩ የሥራ ሰዓት ነው። 1,000 ሰዓት የተወሰነለት ትራክተር በእርሻ ወራት በሁለት ሾፌር ቀን 16 ሰዓት ቢያርስ በ63 ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለትራክተር በየዕለቱ የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ ቀኑን ከመጻፍ ይበልጣል።

መጀመሪያውስ መቼ ነው? በብዙዎቹ ደብተሮች መኪናው ለመጀመሪያው ገዥ የተሰጠበት ቀን ነው። መኪናው ሥራ የጀመረበት ቀን አይደለም። በክልል ደረጃ በብዛት የተገዙ መኪናዎች ታርጋና ሊብሬ እስኪወጣላቸው፥ ድልድሉም እስኪጸድቅ ድረስ በግቢ ውስጥ ለወራት ሲቆሙ ይታያል። የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው መኪና 5 ወር በግቢ ቢቆም፥ ወረዳው ሲረከበው የቀረው 7 ወር ብቻ ነው። ወረዳው በሞዴል 19 ገቢ ያደረገበት ቀንና ዋስትናው የተጀመረበት ቀን አንድ እንደሆኑ አድርጎ የሚያስብ ሹም በዚህ ይታለላል። በዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚፈጸም የዕቃ ግዥ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው የውል አርአያ ዋስትናውን ዕቃው ከደረሰ በኋላ 12 ወር፥ ወይም ከተጫነበት ወደብ ከተነሣ 18 ወር ብሎ፥ አስቀድሞ የሚያልቀውን እንዲቈጠር ያደርጋል። በባሕርና በጉምሩክ የሚያልፈው ጊዜ ከገዥው ላይ ሊቀነስ ይችላል ማለት ነው። ውል አዋቂ የሆነ የግዥ ሠራተኛ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቃል አስለውጦ ብዙ ወር ሊያተርፍ ይችላል።

በዋስትና የተለወጠ ክፍልም እንደ ገና ሙሉ ዘመን አይጀምርም። በአብዛኛው ከመኪናው የቀረውን ጊዜ ብቻ ይወርሳል። በ11ኛው ወር የገባ አዲስ ፖምፓ የአንድ ወር ዋስትና ብቻ ሊኖረው ይችላል።

ዋሱ ማን እንደ ሆነ

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይመረመር ነገር የዋሱ ማንነት ነው። የፋብሪካ ዋስትና ብዙውን ጊዜ በአገር የተወሰነ ነው፤ ለአንድ ገበያ የተሸጠ መኪና በሌላ አገር ወኪል ዘንድ እንዲጠገን ፋብሪካው አይገደድም። በዱባይ በኩል በነጋዴ ተገዝቶ የመጣ አዲስ መኪና ከፋብሪካው ወኪል እጅ ከተገዛው መኪና ጋራ በመልኩ አንድ ሲሆን፥ በዋስትናው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ነጋዴው ዋስ እሆናለሁ ካለም ዋስትናው የነጋዴው እንጂ የፋብሪካው አይደለም፤ ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ይህን ለመለየት በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ባለ 17 ፊደልና አሐዝ ቁጥር ለወኪሉ ተሰጥቶ፥ መኪናው በኢትዮጵያ ውስጥ በዋስትና የሚጠገን ለመሆኑ ከመከፈሉ በፊት በደብዳቤ መልስ ማግኘት ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ከብዷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ያለው በባትሪው ነውና። ብዙ ፋብሪካዎች ለትልቁ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ይሰጣሉ፤ ቃሉም በብዙዎቹ ዘንድ ባትሪው ከመጀመሪያው ጉልበቱ 70 በመቶ በታች ከወረደ የሚል ነው። እንግዲህ አዲስ ሳለ በአንድ ሙሌት 400 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ከጥቂት ዓመት በኋላ 300 ኪሎሜትር ብቻ ቢሄድ፥ ገና 75 በመቶ ስላለው በዋስትና አይጠየቅም። ወኪል በሌለበት አገር ደግሞ ይህን መቶኛ ለክቶ የሚመሰክር አይገኝም።

ከዋስትናው ደብተር ውጭ ያለው ሕግ

የፋብሪካው ደብተር የሕግ ሁሉ መጨረሻ አለመሆኑን በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት የተፈረደ አንድ የታወቀ ፍርድ ያሳያል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ሰው ለሚስቱ አዲስ ፕሊመዝ መኪና ገዛ። መኪናው በተረከቡት በ10ኛው ቀን፥ 468 ማይል ብቻ ሄዶ ሳለ፥ ሴትዮዋ በምትነዳበት ጊዜ መሪው ድንገት ከእጅዋ ወጥቶ ከግንብ ጋራ ተጋጨ፤ እርስዋም ቆሰለች። ሠሪው የክራይስለር ፋብሪካና ሻጩ፥ በግዥው ወረቀት ጀርባ በደቂቅ ፊደል የታተመውን ዋስትና አሳይተው፥ እኛ በ90 ቀን ወይም በ4,000 ማይል ውስጥ የተበላሸውን ክፍል ከመለወጥ በቀር ሌላ ግዴታ የለብንም አሉ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1960 ዓ.ም. ይህን አልተቀበለም። ገዥ ተከራክሮ ሊያስለውጠው በማይችለው የታተመ ወረቀት ሕግ የሰጠውን መብት ማስቀረት አይቻልም ብሎ ፈረደ። ከዚህም በኋላ በ1975 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ስለ ዋስትና የተለየ ሕግ አወጣ፤ በዚያ ሕግ ፋብሪካው መኪናው በሌላ ጋራዥ ሰርቪስ ስለ ተደረገ ብቻ ዋስትናውን ሊሰርዝ አይችልም። የአውሮጳ ማኅበርም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣው ደንብ ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። ይህ የነዚያ አገሮች ሕግ ነው፤ በኢትዮጵያ ያለ ጽሕፈት ቤት ይህን ሰምቶ ከወኪሉ ጋራዥ ውጭ ቢያስጠግን፥ የሚፈረድበት በራሱ ውልና በአገሩ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ የሆነና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዥው ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ የሻጩ ግዴታ ነው፤ ከፋብሪካው ደብተር የተለየ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከገዥውም የሚፈልገው ነገር አለ፤ ዕቃውን መመርመር፥ ጉድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ የጉድለቱን ዐይነት ገልጦ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። ካስታወቀም በኋላ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ብዙ መብት የሚጠፋው በዚህ ስፍራ ነው፤ ሾፌሩ ለጋራዡ በቃል ተናግሮ፥ ጋራዡም እናያለን ብሎ፥ ወራት ያልፋሉ፤ ወረቀት ግን የለም።

የሥራ መፍታት ኪሣራ በደብተሩ ፈጽሞ አይከፈልም። ሳይታረስ የቀረ ማሳ፥ ሳይደርስ የቀረ ማዳበሪያ፥ በመካከሉ የተከፈለ የኪራይ መኪና ዋጋ ሁሉ በአብዛኞቹ ዋስትናዎች በግልጽ ቃል ተለይተው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ከግብርና ሥራ አንጻር ዋናው ጥበቃ ያለው በግዥው ውል ነው። ሻጩ ጥሪ በደረሰው በስንት ቀን መካኒክ እንደሚልክ፥ መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ቢሆን በመካከሉ ሌላ ትራክተር እንደሚሰጥ፥ የማጓጓዣውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ በኋላ በልመና አይገኝም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎሜትር ርቆ የቆመ መኪና በክሬን ተጭኖ የሚሄድበት ዋጋ ከተበላሸው ክፍል ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ በነጻ ጥገናው የተገኘውም ጥቅም በመንገድ ያልቃል።

ስለ ፋብሪካ ጥሪ

ከዋስትና ጋራ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ፋብሪካው ለሰው ሕይወት የሚያሠጋ ጉድለት ባገኘ ጊዜ መኪናዎቹን መልሶ የሚጠራበት ሥርዓት ነው። ይህ በዋስትናው ዘመን የታጠረ አይደለም። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው የአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢቶች ሙቀትና እርጥበት በበዛበት አገር ብዙ ዓመት ሲቆዩ ማፈንጃቸው እየተበላሸ፥ በተነፉ ጊዜ የብረት ስባሪ ወደ ነጂው ይረጩ ነበር። ጥሪው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየሰፋ ሄዶ በዓለም ሁሉ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪናዎችን ያዘ፤ ኩባንያውም በ2017 ዓ.ም. ከሰረ። ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዋስትናቸው ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ ሆኖም በነጻ ይለወጥላቸዋል። በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ አሮጌ መኪናዎች ሁሉ የሻንሲ ቁጥራቸው ለወኪሉ ተልኮ ይህ ጥሪ ይመለከታቸው እንደ ሆነ መጠየቅ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

ብልሽት በደረሰ ጊዜ የሚደረገው

የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ፥ ሙቀት ሲያሻቅብ ወይም እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ሾፌሩ መኪናውን ማቆም አለበት። ጉድለቱ በመጀመሪያ የፋብሪካው ቢሆን እንኳ፥ እያወቀ ቀጥሎ ስለ ነዳው የተጨመረው ጉዳት የጽሕፈት ቤቱ ይሆናል። ራዲያተሩ ከፋብሪካ ስንጥቅ ኖሮት ውኃ ቢያፈስ ራዲያተሩን ፋብሪካው ይለውጣል፤ ቀዩ መብራት እየበራ 30 ኪሎሜትር ተነድቶ የተቃጠለውን ሞተር ግን አይከፍልም።

መኪናው ከቆመ በኋላ በአቅራቢያው ባለ ጋራዥ አይፈታ፤ የተፈታ ዕቃ ምስክርነቱ ይጠፋልና። በዚያው ቀን የኪሎሜትሩ ቁጥር፥ ሰዓቱ፥ ስፍራውና የታየው ምልክት ተጽፎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋራ በመሸኛ ደብዳቤ ለሻጩ ይላካል፤ የደብዳቤው ቅጂ ላይም የተቀበለው ሰው ይፈርማል። መንገድ ላይ ያለ አማራጭ ጥገና ካስፈለገ፥ ወኪሉ በስልክ የፈቀደ እንኳ ቢሆን ፈቃዱ በጽሕፈት እስኪመጣ ማስፈረም ይሻላል፤ የተለወጠውም አሮጌ ዕቃ ሳይጣል ይቀመጣል። ወኪሉ አይሆንም ያለ እንደ ሆነ፥ አይሆንም ያለበትን ምክንያትና በደብተሩ ውስጥ የተመረኮዘበትን ቃል በጽሕፈት እንዲሰጥ ይጠየቃል። በቃል አይሆንም ያለ ብዙ ሰው ጻፍ ሲባል ነገሩን እንደ ገና ይመረምረዋል።

የሰርቪስ ማስረጃው ደግሞ በአንድ ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። በደብተሩ ላይ የሚመታው ማኅተም፥ የጋራዡ የሥራ ወረቀት፥ የዘይቱና የማጣሪያው ደረሰኝ፥ በእያንዳንዱም ላይ ቀኑና የኪሎሜትሩ ቁጥር መኖሩ ይታያል። ደረሰኙ ለሒሳብ ክፍል የሚሄድ ከሆነ ግልባጩ በፋይሉ ይቀራል። ሹም ሲዛወር ወይም ሾፌር ሲለወጥ መኪናው ከነመፍቻውና ከነክሪኩ ተቈጥሮ ሲተላለፍ፥ የዋስትናው ደብተርና ይህ ፋይል በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ በስም ተጽፈው፥ የቀረው ጊዜና የቀረው ኪሎሜትር ከጎናቸው ተሞልቶ፥ አስረካቢውና ተረካቢው ይፈርሙበታል።